በታንኳ ወደ ቆራጣ ወደብ

የደጋ ሰው ስለ ውሃ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በደብረ ታቦር ተወልዶ ያደገ ሰው ምንጭ ያውቃል፤ የክረምት ጎርፍ ያውቃል፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ጉም ማለዳ ማለዳ ግቢውን ሲሞላው ያውቃል። ጣና ግን ምንም እንኳ በቅርባችን ቢሆን፣ ለብዙዎቻችን በስብከትና በገድል የምንሰማው፣ ወደ ባሕር ዳር ስንወርድም ከሩቅ አይተን የምናልፈው ባሕር ነው። ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው «እኔስ ዋኝቼበታለሁ» ብሎ እንዳይቆጣኝ እለምነዋለሁ፤ የምናገረው ስለ ራሴና ስለ ቤተ ዘመዶቼ ነው።

እኔን ወደ ውሃው ያወረደኝ የአጎቴ ስእለት ነው። አጎቴ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ኋላም ብዙ ዘመን ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ፤ በዘመድ ዘንድ «የኔታ» ከመባል በቀር በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። በቆሎ ተማሪነታቸው ጊዜ ከዘጌ ወደ ቆራጣ በታንኳ ሲሻገሩ ነፋስ ይነሣል፤ ታንኳው ያዘነብላል፤ በትከሻቸው ያንጠለጠሉትን የመጽሐፍ ማኅደር ውሃ ይነካዋል። እሳቸውም «በሰላም ብታወጪኝ በዚሁ ውሃ ተመልሼ በዓልሽን አከብራለሁ» ብለው ለቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ተሳሉ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ፣ ትዳሩና ማስተማሩ ተከታትሎ ስእለቱ ከ50 ዓመት በላይ ሳይከፈል ቆየ። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባ የዐይናቸው ብርሃን እየደከመ መሄዱን ባወቁ ጊዜ አስጠሩኝና ነገሩን አጫወቱኝ።

እኔም ዘመናዊው ትምህርት እንዳስለመደኝ ቀላሉን መንገድ አመለከትኋቸው። «የኔታ፣ ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል እስከ ሐሙሲት አውቶቡስ አለ፤ ከሐሙሲት እስከ ቆራጣ ያለውም መንገድ እጅግ ሩቅ አይደለም፤ በቅሎ እንፈልጋለን» አልኋቸው።

«የተሳልሁት በውሃ ነው፤ በየብስ አልከፍለውም» አሉኝ። ነገሩ በዚህ ዐለቀ።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ አልቀበልም ብላ ባሏን፣ ሹመቱንና ምቾቷን ትታ የመነነች፣ የተሰደደችና የታሰረች እናት ናት። ያረፈችው ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ሲሆን የተቀበረችውም በጣና ውስጥ ባለችው በሬማ ደሴት ነው። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ የተጻፈውን ገድሏን ያነበበ ሰው የሕይወቷ ብዙው ክፍል በታንኳ ላይ ያለፈ መሆኑን ያያል፤ ከደሴት ወደ ደሴት፣ ከዳር ወደ ዳር ስትሻገር ማዕበሉም ጉማሬውም በገድሉ ውስጥ ይገኛሉ። በስሟ የሚጠራው ገዳም ያለው በምሥራቁ ዳር በቆራጣ ነው። አጎቴም በዋዜማው ማታ ከዚያ ሊደርሱ አስበዋል።

ባሕር ዳር ደርሰን ታንኳ ስንጠይቅ ወደቡ ላይ የነበሩት የሞተር ጀልባ ባለቤቶች ሳቁብን። ሰው የሚሄደው ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ነው፤ ያም ቢሆን በሞተር ነው። ታንኳ የሚፈልግ ሰው ማገዶ ሊጭን ነው ወይም ዓሣ ሊያጠምድ ነው እንጂ ስእለት ሊከፍል አይደለም። በመጨረሻ ዐባይ ከጣና ወደሚወጣበት አቅጣጫ ሄደን በውሃው ዳር ካለች መንደር አንድ ሰው አገኘን። ሰውየው ወይጦ ነው። ዕድሜው ከ40 እምብዛም አያልፍም። አጎቴ ከዘጌ ተነሥተው መሻገር እንደሚፈልጉ ሲነግሩት ራሱን ነቀነቀ። «የኔታ፣ መሀል ባሕር ይዤዎት አልገባም። ዳር ዳሩን ከዚህ ተነሥተን ግን ቆራጣ አደርስዎታለሁ» አለ። አጎቴ ጥቂት አሰቡና ስእለታቸው የተሳሉት ስለ ውሃው እንጂ ስለ ዘጌ አለመሆኑን ለራሳቸው አስረድተው ተስማሙ።

ታንኳውን በመጀመሪያ ሳየው ልቤ ፈርቷል። ርዝመቱ የሦስት ሰው ቁመት ያህል ነው፤ ወርዱ ግን ጠባብ ስለ ሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቀምጥም። የተሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም እየታሰረ፣ እየተጠቀጠቀ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና እንዲል ተደርጎ ይጠፈራል። እንደ ጀልባ ውሃ የማያስገባ ዕቃ አይደለም፤ ውሃው በታሰረው ደንገል መካከል እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ተሳፋሪው እንዳይርስ በመካከሉ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፍለታል፤ በዚያ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ቀዛፊው የሚይዘው መቅዘፊያ ጫፉ ያልሰፋ ተራ ቀርከሃ ነው፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እየነከረ ይገፋዋል። ታንኳው ሲውል ሲያድር ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ከውሃ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል። እንዲህም ተጠብቆ ዕድሜው የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም።

ይህን ደካማ የሚመስል ነገር ግን የሚንቅ ሰው ይሳሳታል። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ተመራማሪ የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ በተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያስቆረጠው ከእኛው ከጣና ነው። «ራ» የተባለችው መርከብ በግብፅ አገር ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች ተሠርታ በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሣች፤ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ሳትደርስ ቀረች። በሚከተለው ዓመት «ራ 2» ከዚያው ተነሥታ በ57 ቀን አትላንቲክን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች። እኛ ግን ከባሕር ዳር እስከ ቆራጣ ስለሚያደርሰን እንጨነቅ ነበር።

ኅዳር 16 ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሏል፤ ከቀርከሃው ጠብታ በቀር ድምፅ አይሰማም። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ የታንኳውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዣለሁ። ባለ ታንኳው ይህን አይቶ «ጋሼ፣ ልቀቀው፤ እሱ አንተን ይዞሃል» አለኝ።

ስለዚህ ሰውና ስለ ወገኖቹ ልናገር የሚገባኝ ነገር አለ። ወይጦዎች በጣና ዳር የኖሩ የቆየ ሕዝብ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ ጠፍቷል፤ የሚናገሩት አማርኛ ነው። አያቶቻቸው ጉማሬ ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ ስለ ነበር ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጸየፋቸው ኖሯል፤ እስልምናን ከተቀበሉ በኋላም ንቀቱ አልቀረላቸውም። ወንዶቹ ታንኳ ይጠፍራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ሴቶቹ ከደንገሉ ልዩ ልዩ ዕቃ ይሠፋሉ። እኛም ዕቃቸውን እንገዛለን፤ ከእነርሱ ጋር ግን አንበላም። በግራኝ ዘመን ቅርሳችን ወደ ደሴቶቹ የሸሸው በምን ነበር? የዐፄ ፋሲል ዐፅም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የተሻገረው በምን ነበር? ሞተር ባልነበረበት ዘመን በዚህ ሐይቅ ላይ ከታንኳ በቀር የሚያሻግር አልነበረም። ከታንኳውም ብዙውን የጠፈረው የእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። እኔ ራሴ ይህን ታሪክ አውቃለሁ የምል መምህር ሆኜ ሳለሁ፣ በማስተምርበት ክፍል አንድ ልጅ ባልንጀራውን «ወይጦ!» ብሎ ሲሰድበው ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ አልፌአለሁ። ያን ቀን በታንኳው ላይ የቀርከሃው ጠብታ እየነካኝ ይህ ነገር ትዝ ይለኝ ጀመር።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ባለ ታንኳው መቅዘፉን አቆመና እጁን ወደ ደንገሉ ሰደደ። «ጠጥቷል» አለ። ከዚያም ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎም ወደ ምዕራብ አየና አፍንጫውን ወደ ዳር አዞረ። አጎቴ ተቆጡ፤ ዋዜማው ሊያመልጣቸው ነው፤ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ለምን እንወርዳለን? «የኔታ፣ ይቈጡኝ እንጂ አልሄድም» አለና ዳር አወጣን። ታንኳውን ከውሃ ስበን አንድ ትልቅ ሾላ ላይ አስደግፈን አቆምነው፤ ከጫፉ ውሃው እንደ ጥላሸት የጠቆረ ሆኖ ይንጠባጠብ ጀመር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከመሀል ባሕር ነፋስ ተነሣ። ያ እንደ መስተዋት የነበረው ውሃ ግራጫ ሆነ፤ ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታው ጀመር። አጎቴ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም አልተናገርሁም።

በዛፉ ሥር እንዲህ ተቀምጠን ሳለን አጎቴ፣ ምናልባት ቁጣቸውን ለመርሳት፣ ስለ ቆራጣ ያወሩ ጀመር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆራጣ ከቤጌምድር ታላላቅ የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። የዘጌ ቡና በታንኳ ይሻገርባት ነበር፤ ከደጋውም እህልና ቅቤ በአህያ እየተጫነ ይወርድባት ነበር። ባለጸጎች ነጋዴዎች የኖሩባት፣ የተበደለም ሰው በወለተ ጴጥሮስ ስም የሚማፀንባት ከተማ ነበረች። ለደብረ ታቦር ወደቧ እርሷ ናት ማለት ይቻላል።

ዐፄ ቴዎድሮስም ያውቋታል። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም እስረኞቹን ሊያስፈታ በመጣ ጊዜ ንጉሡ በቆራጣ እንዲቀመጥ አደረጉት፤ እሳቸውም ከነሠራዊታቸው በማዶ በዘጌ ሰፈሩ። እስረኞቹ ከመቅደላ ወጥተው ቆራጣ ደረሱ፤ መልእክተኛውም ወደ ንጉሡ በታንኳ ተሻገረ። ነገሩ ግን በዕርቅ አላበቃም፤ ሁሉም እንደገና ተያዙ። በዚያው ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ ያደረጉት አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። የፈረንጅ የእንፋሎት መርከብ ወሬ ሰምተው ነበርና ትልልቅ የደንገል ታንኳዎች አሠሩ፤ በላያቸው የእንጨት ወለል አስነጠፉ፤ በጎናቸውም መንኰራኩር አስገጠሙ። መንኰራኩሩ በእንፋሎት ሳይሆን በሰው እጅ የሚዞር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ያስቀለጡት እኒሁ ንጉሥ ናቸው። ስለ መድፉ ሁሉም ልጅ ያውቃል፤ ስለ ታንኳው ግን በትምህርት ቤት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እኔም እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለተማሪዎቼ አልነገርሁም። ባለ ታንኳው ግን ሲሰማ ፈገግ ብሎ «መንኰራኩሩስ ይሁን፤ ደንገሉን ማን ጠፈረላቸው?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ መልስ አልነበራቸውም።

ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ አጎቴ እስከ 9 ሰዓት አይበሉም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ሳለሁ አልበላም። ባለ ታንኳው ግን እስላም ነው፤ ጾሙ አይመለከተውም። ከሌሊት ጀምሮ ሲቀዝፍ ነግቶበታል። ሥንቁን በጨርቅ ቋጥሮ በአጠገቡ አስቀምጦታል፤ ሆኖም አልፈታውም። እኔም «ብላ እንጂ፤ እኛን አትጠብቅ» ብለው «ግድ የለም» ብሎ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። 9 ሰዓት ሲሆን አጎቴ ጸሎታቸውን ጨርሰው ዳቦውን ባረኩና ቈረሱ። በዚያን ጊዜ ባለ ታንኳው ተነሥቶ ሥንቁን ይዞ ወደ ሌላ ዛፍ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ማንም ሂድ አላለውም። ገና ልጅ ሳለ እንዲህ አድርጎ መነሣትን የለመደ ሰው አነሣሥ ነበር።

አጎቴ ለዐይናቸው ጉዳት ምን ያህል እንዳዩ አላውቅም። «ያ ሰው የት ሄደ?» አሉ። ነገርኋቸው። «እስከ አሁን በልቶ ነበር?»

«አልበላም፤ እኛን ሲጠብቅ ነው የዋለው» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንተ ወንድም! ከእኔ ጋር የጾመ ሰው ከእኔ ጋር ይበላል፤ ና» ብለው ተጣሩ። ሰውየው ዞሮ አየና መጀመሪያ እኔን ተመለከተኝ። እኔም በዐይኔ «ና» አልሁት። መጣ፤ አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ስፍራ ለቀቁለት። የቈረሱትን ዳቦ በእጁ ሰጡት። እሱም ከቋጠሮው የተጠበሰ ዓሣ ነበረው፤ ለእኛ በጾም የማይሆን መሆኑን ያውቃልና አላወጣውም፤ ከእኛ ዳቦና ቆሎ ጋር በላ። ስለ ምንም ነገር አልተነጋገርንም፤ ስለ ነፋሱ ብቻ ነበር።

ነፋሱ ወደ 10 ሰዓት ላይ ረገበ። ታንኳው ቀሎ ነበር፤ ጠዋት ከነበረው ይልቅ ፈጠን ብሎ ሄደ። ፀሐይ በስተምዕራብ ወደ ዘጌ በኩል ስታዘቀዝቅ ከፊታችን ዳሩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ታየን፤ ከዛፉ ውስጥም የማኅበረ ካህናቱ ድምፅ ተሰማን። አጎቴ «ገብተዋል፤ ዋዜማው ተጀምሯል» ብለው መቋሚያቸውን ጨበጡ።

ወደብ ስል አንባቢዬ የድንጋይ ግንብና የመርከብ ማሰሪያ እንዳይጠብቅ። የቆራጣ ወደብ ሰውና ታንኳ ለዘመናት የደለደሉት የሐይቅ ዳር ነው። ከዛፉ ሥር የድሮ ቤቶች የድንጋይ አጥር ቅሪት ይታያል፤ ሐረግ ወርሶታል። ንግዱን ያጠፋው ጦር ወይም እሳት ብቻ አይደለም። በጠላት ወረራ ዘመን የሞተር ጀልባ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎርጎራ መጣ፤ በኋላም የመኪናው መንገድ ከሐይቁ ርቆ በሐሙሲትና በወረታ አለፈ፤ ሸቀጡም መንገዱን ተከትሎ ሄደ። በእንግሊዝ አገርም እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። ወርዳቸው 2 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ጠባብ ጀልባዎች በተቈፈሩ ቦዮች ውስጥ ከሰልና ሸክላ ያመላልሱ ነበር፤ ባቡርና መኪና ሲመጣ ሥራቸው ቆመ። ሆኖም ሕዝቡ አልጣላቸውም፤ ዛሬ ቤተሰብ በእነርሱ ላይ ተሳፍሮ ይዝናናል፤ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህም አዲስ በተከፈተ ቦይ አድርገው እስከ ጥንታዊው የሊቨርፑል ወደብ መሀል ይገባሉ። ስለ እኛ ታንኳ ግን እንዲህ ያለ አሳቢ አላየሁም። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳር ተስፋፍቷል፤ ደንገሉም ለእርሻ እየተመነጠረና እየታጨደ ሳስቷል። ከጉና የሚወርዱት ጉማራና ርብ የእኛን የደጋውን አፈር እየጠረጉ ከቆራጣ በስተሰሜን ወደ ሐይቁ ያስገባሉ፤ እኛ ሳንወርድ አፈራችን ቀድሞን ይወርዳል ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር 380 ሜትር የሚሆን አዲስ የዐባይ ድልድይ ተመርቋል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣና ነሽ 2» የተባለች መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በመኪና ተጭና የሐይቁን መንገድ ጀምራለች። ሁለቱም መልካም ነገር ነው። ደንገል የሚጠፍሩት ሰዎች ግን በእነዚህ በዓላት ላይ የት እንደ ቆሙ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

አጎቴ ያን ሌሊት ለበዓሉ ሲቆሙ አደሩ። ያ ያረጀ ድምፅ ከወጣቶቹ መካከል ሲወጣ ሰምቼ በ50 ዓመት ውስጥ የተጠራቀመ ዕዳ እየተከፈለ መሆኑን ተረዳሁ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በማግስቱ ወደ ዳር ስንወርድ ባለ ታንኳው ታንኳውን በዋርካ ላይ አስደግፎ ከጎኑ ተቀምጧል። የተላላ ገመድ ያጠብቃል።

«ስንት ጊዜ ይቆይልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እስከ ፋሲካ ከቆየ ደግ ነው። ከዚያ ሌላ እጠፍራለሁ፤ ደንገል ካገኘሁ።»

ዋጋውን ቈጠርሁለት። አጎቴም ስሙን፣ የአባቱን ስምና የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠይቀው መረቁት። እሱም ታንኳውን ወደ ውሃ እየገፋ «የኔታ፣ ይሳፈሩ እንጂ፤ ነፋሱ ሳይነሣ ልመልስዎት» አላቸው።

አጎቴ ወደ ሐሙሲት የሚወስደውን መንገድ በመቋሚያቸው አመለከቱ። «ልጄ፣ የተሳልሁት መምጫውን ነው፤ መመለሻውን አልተሳልሁም» አሉ። ባለ ታንኳው እየሳቀ ቀርከሃውን ወደ ውሃ ነከረ፤ እኛም ወደ አውቶቡሱ በእግራችን ወጣን።